ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጠው እኔ አይደለሁም

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከሀገር ቤት ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «ጋሼ፣ ላፕቶፑ አልነሳ አለኝ» አለ። ቪዲዮ አድርገን አሳየኝ። ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል።

የሆነው እንዲህ ነው። ማታ ሥራውን ጨርሶ ሊያጠፋው ሲል አፕዴት ማድረግ ጀመረ። ሠላሳ ምናምን ፐርሰንት ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ባትሪው ደግሞ ከደከመ ቆይቷል፤ ቻርጀሩ ከተነቀለ አምስት ደቂቃ አይቆይም። ሦስት ቀን ከታገለው በኋላ ፎርማት አስደረገው። የመመረቂያ ጽሑፉ ሁለት ምዕራፍ አብሮ ሄደ።

በዚያው ሳምንት የእኔም ኮምፒውተር አፕዴት አድርጎ ነበር። መቼ እንደጀመረ፣ መቼ እንደጨረሰ አላየሁም፤ ተኝቼ ነበር። እዚህ ኢንተርኔቱ በወር ተከፍሎ የሚረሳ ነው። መብራትም አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ያለውን ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ዋና ሶፍትዌር፣ የሚሠሩ ሰዎች ሲሠሩ ፊታቸው የሚመጣው እንደ እኔ ያለው ተጠቃሚ ነው። መብራቱ የማይጠፋ፣ ዳታው የማያልቅ፣ ማሽኑ አዲስ የሆነ። የወንድሜ ዓይነት ሰው የሚታሰበው ዘግይቶ ነው።

እኛ ውጭ ያለነውም ከእነሱ አንሻልም። ሀገር ቤት ያለ ዘመድ «የቱ ይሻለኛል?» ብሎ ሲጠይቀን የምንመልሰው ከራሳችን ጠረጴዛ ተነስተን ነው። «ማክ ግዛና ተገላገል» እንላለን። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ማክ ጥሩ ነው፤ እውነት ነው። ግን ሲስተሙ የሚሠራው አፕል ራሱ በሚሸጠው ማሽን ላይ ብቻ ነው። ከ2020 ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በመጡት የአፕል ቺፕ ባላቸው ላፕቶፖች ደግሞ ራሙን፣ የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ በኋላ ልጨምር ብትል አይቻልም። እዚህ ላፕቶፕ ሲያረጅ ሌላ ይገዛል። ሀገር ቤት ግን ራም ይጨመርለታል፣ ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ይገባለታል፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋል። ተፈትቶ የማይጠገን ማሽን ለዚህ ኑሮ አይመችም።

ስለ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ሳስብ በጣም ያንገበግበኛል። ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉን አቆመ። ለግለሰቦች አንድ ዓመት የሚያራዝም የደህንነት አፕዴት ቢኖርም መመዝገብን ይጠይቃል። ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳይኬድ ደግሞ እሱ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነም በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። ስለዚህ በ2016 የተሠራ፣ ምንም ያልጎደለው ላፕቶፕ ከበሩ ይመለሳል። የሆም እትሙን አዲስ ስትጭን ደግሞ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ካላገናኘህ አላሳልፍ ይላል። ይህን ሕግ ያወጣ ሰው በስልኩ ሆትስፖት ፓኬጁን እየቆጠበ የሚሠራ ተማሪን አስቦት ያውቃል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ሁሉም ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ተማሪ እያለሁ ዩቡንቱ፣ የሊኑክስ ቤተሰብ የሆነ ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ በነፃ ሲዲ ይልክ ነበር። ስምና አድራሻ ትሞላለህ፣ በፖስታ ይመጣልሃል። ዩቡንቱን በ2004 ያስጀመረው ማርክ ሻትልወርዝ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ «ዩቡንቱ» የሚለው ስምም ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ፣ ሰው መሆንን፣ ሰብዓዊነትን የሚናገር ቃል ነው። የሲዲው ነገር እስከ 2011 ቆየ። ፖስታውን የከፈትኩበት ቀን ዛሬም ትዝ ይለኛል። ዲስኩ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሳይጭን ሲስተሙን ያስነሳ ነበር። ማውረድ የማይችል ሰው እንዳለ ያወቀ አንድ አምራች ነበር ማለት ነው። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለወንድሜ ላፕቶፕ ልልክለት ስወስን መጀመሪያ የገዛሁት ሶፍትዌር አልነበረም፤ ባትሪ ነበር። የድሮ ላፕቶፔን አዲስ ባትሪ ቀየርኩለትና ሊኑክስ ሚንት ጫንኩበት። ሚንት ዩቡንቱን መሠረት ያደረገ ነው። የመረጥኩት በዋናነት በአንድ ምክንያት ነው። አፕዴት ሲመጣ ያሳውቅሃል፣ ከዚያ ይጠብቃል። «አሁን» እስክትለው አይጀምርም። ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው ነፃ የጽሑፍና የሠንጠረዥ መሥሪያ አብሮት ይመጣል፣ የአማርኛ ኪቦርድ ከሴቲንግ ጨመርኩለት። በደስታ ላክሁት።

በወሩ ደወለ። አመሰገነኝ፣ ቀጥሎ ግን ዝም አለ። ታላቅን ማስቀየም ፈርቶ እንደሆነ ገባኝ። «ችግር አለ?» አልኩት። አለ። የሚማርበት ክፍል የሚጠቀምበት አንድ ፕሮግራም በዊንዶውስ ካልሆነ አይሠራም። አማካሪው የሚልክለት የዎርድ ፋይል ሠንጠረዡ ተዛንፎ ይከፈታል። አንድ የቆየ የአማርኛ ሰነድ ደግሞ ሲከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝርክርክ ሆነበት። ይህ የመጨረሻው የሊኑክስ ጥፋት አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት የተጻፉ ብዙ ሰነዶች የአማርኛ ቅርጽን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ፎንቶች ናቸው የያዙት። ፎንቱ ከሌለ የትም ብትከፍተው አይነበብም። ፎንቱን ላክሁለት፣ ያ ተፈታ። ፕሮግራሙ ግን አልተፈታም።

ያን ጊዜ ራሴን ታዘብኩ። ሲስተም ሠሪዎቹን የምወቅስበትን ነገር እኔም አድርጌዋለሁ። የላክሁለት የሚያስፈልገውን ሳይሆን የምወደውን ነው። የሙኒክ ከተማ አስተዳደር እንኳ፣ ገንዘብና ባለሙያ ሞልቶት፣ ከ10 ዓመት በላይ በሊኑክስ ሠርቶ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል። በሌላ በኩል ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የሚባለው የጀርመን ክፍለ ሀገር በ2024 ወደ ሊብሬ ኦፊስና ሊኑክስ ለመሻገር መወሰኑን አስታውቋል። ጀርመኖቹ ራሳቸው ያልተስማሙበትን ነገር ነው እኔ በአንድ ምሽት ለወንድሜ የወሰንኩለት።

ጓደኞቹ «ክራክ ዊንዶውስ ጫንና አፕዴቱን ዝጋው» ብለውታል፤ ክራክ የሚሉት ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረውን ቅጂ ነው። ለምን እንደሚሉት ይገባኛል፤ እኔም ያለፍኩበት ነው። ግን ፈራሁለት። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ክፍተቱን የሚደፍነው አፕዴት በማርች ወጥቶ ነበር። የተጎዱት ብዙዎቹ ያልጫኑት ናቸው። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕመምተኛ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። አፕዴት ይቅር አልልም። ሰውየው መብራትና ዳታ ባለው ሰዓት፣ በራሱ እጅ ይሁን ነው የምለው። ዊንዶውስ ላይ ላላችሁ፣ ዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ «ሜትርድ ኮኔክሽን» የምትባል ምርጫ አለች። እሷን ካበራችሁት አብዛኛውን አፕዴት በራሱ ከማውረድ ይቆጠባል። ብዙ ሰው አያውቃትም፤ ለዘመድ ንገሩ።

በመጨረሻ በስልክ እየተነጋገርን ሚንትንም ዊንዶውስንም እዚያው አንድ ላፕቶፕ ላይ አደረግን። ሁለት ምሽት ፈጀ። ከመጀመራችን በፊት ጽሑፉን ሁለት ፍላሽ ላይ አስገለበጥኩት። ላፕቶፑ አብሮት የመጣ ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ነበረው፤ ዲስኩን ከፍለን እሱን መለስነው። አሁን ሲያበራው ሁለት መስመር ያለው ጥቁር ሜኑ ይመጣል። ለኢንተርኔትና ለጽሑፍ ሚንት፤ ለዚያች ፕሮግራም ዊንዶውስ። ድጋፉ ስለቆመ ዊንዶውሱን ከኢንተርኔት ጋር አያገናኘውም፣ ያልታወቀ ፍላሽም አይሰካበትም። የሠንጠረዡን ነገር ከአማካሪው ጋር ተነጋግረው በፒዲኤፍ መላላክ ጀመሩ። አሠራሩን ያወጣው እሱ ነው፤ እኔ ረዳሁ እንጂ።

ባለፈው እሑድ ቪዲዮ ላይ እያወራን፣ እሱ እያወራኝ ይጽፋል። በመሀል መብራት ሄደ። ክፍሉ ጨለመ፣ ፊቱ ላይ የስክሪኑ ብርሃን ብቻ ቀረ። ልቤ ድንግጥ አለ። እሱ ቀና እንኳ አላለም።

«አይዞህ ጋሼ፣ እየጻፍኩ ነው» አለኝ።