ማስተካከያ፦ የፈረስ ትል መድኃኒት በየሁለት ወሩ ለሁሉም አይሰጥም

ቀደም ባለው ጽሑፌ «ፈረሶችን ሁሉ በየሁለት ወሩ የትል መድኃኒት ስጡ፤ መድኃኒቱንም በየዙሩ ለውጡ» ብዬ ነበር። ምክሩ የተሳሳተ ነው፤ የተከተላችሁትን አንባቢዎች ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲጀመር ዋናው ጠላት የአንጀትን ደም ሥር የሚጎዳው ትልቁ ስትሮንጋይል የተባለ የአንጀት ትል ነበር። ዛሬ በአዋቂ ፈረሶች ላይ የሚበዙት ትንንሾቹ ስትሮንጋይሎች ሲሆኑ፣ በብዙ አገሮች ፌንቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት አይበግራቸውም። መድኃኒት በተደጋገመ ቁጥር የሚተርፉትና የሚባዙት እነዚያው የማይሞቱት ናቸው። ማፈራረቁም ይህን አያስቆምም።

መድኃኒቱ ለየትኛው ፈረስ እንደሚሰጥ ለመወሰን መነሻው ፋንድያ መሆን አለበት። ትኩስ ፋንድያ ተወስዶ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው የትል ዕንቁላል በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ብዙውን ጊዜ 80 በመቶ የሚሆነውን ዕንቁላል የሚጥሉት ከአዋቂ ፈረሶች አንድ አምስተኛው ብቻ ናቸው፤ አንጸባራቂ ጠጉር ያለው፣ የጠገበ ፈረስም ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። በዓይን ገምቶ መወሰን ስለዚህ ያሳስታል። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ14 ቀን በኋላ እንደገና መቁጠር መሥራቱን ያሳያል። ክብደትም በመለኪያ ይወሰድ፤ ያነሰ መጠን ትሉን መድኃኒት ያለማምዳል።

ግጦሹንም አትርሱ፦ ፋንድያውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ማንሳት፣ መስኩንም ከከብት ወይም ከበግ ጋር ማፈራረቅ። አብዛኞቹ የፈረስ ትሎች በእነርሱ ሆድ አያድጉም።

ውርንጭሎች ግን በዚህ ደንብ አይዳኙም፤ ለእነርሱ የእንስሳት ሐኪም የተለየ መርሐ ግብር ያውጣ።