የድሮ የቤዝቦል ካርድ ለደረጃ ይላክ ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

አሜሪካ ውስጥ የቤዝቦል ተጫዋች ምስል ያለባቸው ትናንሽ ካርዶች ከመቶ ዓመት በላይ ሲታተሙ ኖረዋል። መጀመሪያ ከሲጋራ፣ በኋላ ከማስቲካ ጋር ይመጡ ነበር። ዛሬ ከድሮዎቹ ውስጥ በሚሊዮን ዶላር የሚሸጡ አሉ። ብዙ ገዢዎች ግን ካርዱ መጀመሪያ ተመርምሮ፣ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ተሰጥቶት፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጎ ካላዩት እጃቸውን አይዘረጉም። በዚህ ላይ ሁለት ሰብሳቢዎች ተከራክረዋል። እሷ የሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነዋሪ ናት። እሳቸው የአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጋሼ፣ እኔ የምነሳው ከራሳችን ሰው ነው። እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ካርድ ያውቃል። አባቱ ሰብስቧል፣ አጎቱ ሰብስቧል። እኛ ግን ትልቅ ሆነን ነው የመጣነው።

እንበልና አንድ ሐበሻ የሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ ሄዶ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካርድ በሃምሳ ዶላር ገዛ። ውስጡ ቶፕስ የተባለው ካርድ አታሚ ኩባንያ በ1954 ያወጣው የሀንክ አሮን ካርድ አለ። ቁጥር 128፣ የአሮን የመጀመሪያ ካርድ። ይህ ሰው ወደ ነጋዴ ቢሄድ ምን ይባላል? «ጥጉ ተበልቷል፣ ምስሉ መሃል ላይ አልተቀመጠም፣ ላንተ ብዬ 200 ዶላር።» ምን ብሎ ይከራከራል? ወርቋን ለመሸጥ የሄደች እናት ሚዛኑን የያዘው ገዢው ብቻ ሲሆን ምን እንደሚገጥማት እናውቃለን። የእሱም ነገር ያው ነው።

ያንኑ ካርድ ደረጃ ከሚሰጡት ድርጅቶች ለአንዱ፣ ለፒኤስኤ ወይም ለኤስጂሲ፣ ልኮት 3 ወይም 4 ተብሎ ቢመለስስ? ስልኩን ከፍቶ ተመሳሳይ ደረጃ ያለው አሮን በቅርቡ ስንት እንደተሸጠ ያያል። ነጋዴው ፊት ባዶ እጁን አይቆምም።

ምርመራውም የዘፈቀደ አይደለም። ምስሉ መሃል መያዙን፣ አራቱን ጥጎች፣ ጠርዙን፣ ገጹን ያያሉ። ካርዱን ይለካሉ። ተከርክሟል ወይ? ቀለም ተቀብቷል ወይ? ይህን ሁሉ እኔና እርስዎ ልንችል እንችላለን፤ የጫማ ካርቶን የገዛው ሰው ግን አይችልም።

አንድ የካርድ ገበያ ላይ ያየሁትን ልንገርዎ። ሻጩ የ1910 አካባቢ የታይ ከብ የሲጋራ ካርድ ነው ብሎ ሰጠኝ። ቀለሙ ደብዝዟል። ጥጎቹ ተድበልብለዋል። አንዱ ጎኑ ላይ ቡና የመሰለ እድፍ አለ። ላየው ሰው የመቶ ዓመት ወረቀት ይመስላል። ትንሿን የአልትራቫዮሌት መብራቴን ሳበራበት ወረቀቱ ሰማያዊና ነጭ ሆኖ ቦግ አለ። ወረቀት የሚያነጣው ኬሚካል በሰፊው መግባት የጀመረው በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ነው። የ1910 ወረቀት እንዲህ አያበራም። እንግዲህ ያ ካርድ ከእኔ በኋላ ለማን ተሸጠ? መብራት ያልያዘ ሰው እኮ ነው የሚበዛው።

ከአሌክሳንድሪያ፦

እህቴ፣ መብራቱ ያበራው በአንቺ እጅ ነው። ሐሰቱን የያዝሽው ካሊፎርኒያ ወዳለው ፒኤስኤ ሳትልኪ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቆመሽ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሰው ዓይኑን ያስለምድ። ማጉያ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ ትንሽ መብራት፣ ከዚያ ብዙ ካርድ በእጅ ማገላበጥ። የ1952 ቶፕስ ወርዱ 2 ከ5/8 ኢንች፣ ቁመቱ 3 ከ3/4 ኢንች ነው። ይህን ያወቀ ሰው ለመጠርጠር የማንንም ቁጥር አይጠብቅም።

ቁጥሩ ስለተባለው ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው እንነሳ። ከሁሉም የታወቀው የቤዝቦል ካርድ ሆነስ ዋግነር የተባለው ተጫዋች ያለበት ነው። ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር የወጣው፣ ሰብሳቢዎች ቲ206 የሚሉት። ከእነዚህ አንዱን በ1991 የሆኪው ዌይን ግሬትዝኪና ሸሪኩ ብሩስ ማክኖል በሶዝቢስ ጨረታ በ451,000 ዶላር ገዙት። ፒኤስኤ ያኔ አዲስ ነበር። መጀመሪያ ደረጃ የሰጠው ካርድ ይኸው ነው። 8 አገኘ። ከዋግነሮች ሁሉ ከፍተኛው። በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2013 ደግሞ ቢል ማስትሮ የሚባለው ትልቅ ነጋዴ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ የዚያን ካርድ ጠርዝ እንደከረከመ አመነ። በድርጅቱ በራሱ ደንብ የተከረከመ ካርድ ቁጥር አይሰጠውም። የታየ የመጀመሪያው ካርድ፣ ያውም እንዲህ ያለ ካርድ፣ እንደዚህ አለፈ። ታዲያ የቀሩትን ሚሊዮኖች እንዴት አምኜ ልቀበል?

ሌላው ነገር ግን ለእኔ ከዚህም ይበልጣል። ቤቴ የ1956 ቶፕስ ጃኪ ሮቢንሰን አለ። ቁጥር 30። ካርዱ አግድም ነው። ፊቱ በትልቁ ይታያል፣ ከበስተጀርባው ተንሸራቶ ቤዝ ሲገባ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሻንቲሊ የካርድ ገበያ ላይ ርካሽ ያገኘሁት ሰው ስለጻፈበት ነው። ከስሙ አጠገብ በእርሳስ፣ በልጅ እጅ፣ «ጃይንትስ» ይላል። ዘመም ያለ ጽሑፍ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ፊደሎች ቦታ ጠቧቸው ተደራርበዋል።

ለምን እንደተጻፈ ታውቂያለሽ። በታኅሣሥ 1956 የብሩክሊኑ ቡድን ዶጀርስ ሮቢንሰንን ለሌላው ቡድን ለጃይንትስ አሳልፎ ሰጠው። ልጁ ወሬውን ሰማ፣ እርሳስ አነሳ፣ ካርዱን አስተካከለ። ሮቢንሰን ግን ለጃይንትስ አንድ ቀን እንኳ አልተጫወተም። መጫወት አቆመ። በ1947 ጥቁሮችን ከትልቁ ሊግ ያገደውን የቀለም አጥር ያፈረሰው ሰው እንዴት እንደተሰናበተ፣ ያንን ደግሞ አንድ የብሩክሊን ልጅ ይሁን የሌላ ሰፈር ልጅ በዚያ ሰሞን እንዴት እንደሰማው፣ ይህ ካርድ ይዞታል። ለደረጃ ብልከው ምን ይሉኛል? ጽሑፍ አለበት። ዝቅ ያደርጉታል። ላጲስ ይዞ የሚያጠፋው ሰው ከእኔ የተሻለ ገንዘብ ያገኝበታል። እንዲህ ያለ ሚዛን ከመጀመሪያው ተጣሟል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሮቢንሰኑን በጣም ወድጄዋለሁ። ማንም እንዳያጠፋው!

የዋግነሩ ነገር ግን፣ ጋሼ፣ ዓመቱን ይዩት። ማስትሮ ካርዱን የገዛው በ1985 ነው። በ1987 ሸጦታል። ፒኤስኤ ገና አልነበረም። ስለዚህ ካርድ መከርከምን ደረጃ አላመጣውም። ሰው ያንኑ የሚያደርገው ሹል ጥግ ድሮም ብዙ ዋጋ ስለሚያወጣ ነው። ድርጅቱ ባይኖር ኖሮ ያ ካርድ ዛሬም ያለጥርጣሬ ይዘዋወር ነበር።

በ2019 የሆነውንም ያውቃሉ። ሰብሳቢዎች የድሮ የጨረታ ፎቶዎችን ከአዲሶቹ ጋር እያስተያዩ ብዙ ካርዶች ተከርክመው፣ ተጠርገው፣ ከፍ ያለ ደረጃ አግኝተው እንደተሸጡ አጋለጡ። ኤፍቢአይ ሳይቀር ገባበት። እንዴት ተያዘ? እያንዳንዱ የታሸገ ካርድ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ፎቶው አለ፣ የተሸጠበት ጨረታ ይታወቃል። ያቺ ነጠብጣብ እዚህም እዚያም አለች፣ ጠርዙ ግን ቀንሷል። ከእጅ ወደ እጅ በጥሬ ብር የሚሸጥ ያልታሸገ ካርድ ላይ ይህን ማን ያገኛል? ዱካ የለውም።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ያገኙት እነማን ናቸው ታዲያ? ቤታቸው ተቀምጠው ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጡ ሰብሳቢዎች። ካርዶቹ በድርጅቶቹ እጅ አልፈዋል። ባለሙያ ተብለው የሚከፈላቸው ሰዎች አይተው ቁጥር ሰጥተዋቸዋል።

ክፍያው ራሱ እኮ ያሳስበኛል። ድርጅቱ የሚያስከፍልሽ እንደ ካርዱ ዋጋ ነው። ካርዱ ካሰብሽው በላይ ደረጃ አግኝቶ ዋጋው ከጨመረ ተጨማሪ ትከፍያለሽ። ዳኛው ከፍ ባደረገ ቁጥር ገቢው ከፍ ይላል ማለት ነው። ሰዎቹ ሌባ ናቸው አላልኩም። አሠራሩ ግን ልክ አይደለም። አንዱ ካሳዘነሽ ወደ ሌላው ሂጂ እንዳልልሽ፣ የፒኤስኤ ባለቤት የሆነው ኩባንያ በ2024 ኤስጂሲንም ገዝቶታል።

ቁጥሩም የሚጸና አይደለም። ሰዎች ፕላስቲኩን ሰብረው ያንኑ ካርድ እንደገና ይልኩታል፤ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይመለሳል። በ7 የሄደ በ8 የሚመለስ ከሆነ፣ ካርዱ ምኑ ተለወጠ? ምንም። የዚያን ቀን ያየው ዓይን ነው የተለወጠው። በዚህ ላይ ስንት ገንዘብ እንደሚንቀሳቀስ ተመልከቺ። የ1952 ቶፕስ ሚኪ ማንትል፣ ደረጃ 9፣ በጥር 2021 በ5.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በነሐሴ 2022 ሌላው፣ ደረጃ 9.5፣ 12.6 ሚሊዮን አወጣ። ለግማሽ ነጥብ ሰባት ሚሊዮን!

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ክፍያው ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ለማንኛውም ካርድ አንድ ዋጋ መሆን አለበት። ይህን ደንበኞች ተባብረን ብንጮህበት ደስ ይለኛል።

ማንትሉ ላይ ግን አልስማማም። በሁለቱ ሽያጮች መካከል ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አለ፤ ድርጅቶቹም የተለያዩ ናቸው። ያ የ12.6 ሚሊዮኑ ካርድ ደግሞ ለግማሽ ነጥብ ብቻ አልተሸጠም። በ1980ዎቹ አል ሮዘን የሚባለው ነጋዴ ሳይነካ ተቀምጦ ካገኘው ክምችት የወጣ ነው። በ1991 በ50,000 ዶላር ሲሸጥ ሮዘን ራሱ ከዚህ የተሻለ አይታወቅም ብሎ መስክሮለታል። ያ ካርድ ምስክር ነበረው። ታዋቂ ነጋዴ የማያውቀው ሰውስ? በጫማ ካርቶን ያገኘ ሰውስ ማን ይመስክርለት? ማሸጊያው ላይ ያለችው ወረቀት የእሱ ምስክር ናት። ጉድለት አላት፣ አዎ። ከባዶ እጅ ግን ትሻላለች።

ሌላው፣ ካርድ ይበላሻል። ስንቱ በላስቲክ ታስሮ ጠርዙ ተቆርጧል። የድሮ የአልበም ፕላስቲክ ገጹን ጎድቷል።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ለመጠበቅ ከሆነ ስስ የፕላስቲክ ከረጢትና ቶፕ ሎደር የሚባለው ጠንካራ የፕላስቲክ መያዣ በሳንቲም ይገኛል። ሁሉም ካርዶቼ እንዲሁ ናቸው። ስፈልግ አወጣለሁ፣ ወፍራሙን የ1950ዎቹ ካርቶን በጣቴ እይዛለሁ፣ ጀርባው ላይ ያሉትን ሦስት የካርቱን ሥዕሎች አያለሁ። ልጆቼ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው አብረው ያያሉ። ሮበርቶ ክሌሜንቴን በካርድ ነው ያወቁት። በኒካራጓ የመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች ዕርዳታ ሲያደርስ በ1972 የመጨረሻ ቀን በአውሮፕላን አደጋ መሞቱን የነገርኳቸው ካርዱን በእጃቸው ይዘው ነው።

ደግሞም ቁጥር የገባበት ሰው ጥያቄው ይለወጣል። ድሮ ገበያ ላይ «ይህ ማነው? በስንት ዓመት ተጫወተ?» እንባባል ነበር። አሁን ወጣቱ መጥቶ ካርዱን ሳያይ «ስንት ነው ያገኘው?» ይላል። እኔ የምሟገተው ለዚህ ነው። እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡልን፣ ይበቃል። ከ1 እስከ 10 ያለውን ለእያንዳንዱ ሰው ዓይን ይተዉት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ቁጥር ሳይሰጡ እውነተኛ መሆኑን ብቻ አረጋግጠው ማሸግም ይችላሉ እኮ፣ ጋሼ። «ኦተንቲክ» የሚል ብቻ ይጻፍበታል። ለሮቢንሰንዎ የሚሆነው እሱ ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። እርስዎ ከሌሉ በኋላ ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? አሁን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። የቱ ተከርክሟል፣ የቱ ሙሉ ነው፣ የቱ እንደገና የታተመ ነው፣ ሁሉም ያለው እርስዎ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ለእያንዳንዱ ካርድ ወረቀት ጽፌለታለሁ። ከማን እንደገዛሁት፣ በስንት፣ ልኬቱ ስንት እንደሆነ፣ ምን ጉድለት እንዳለበት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም። የሮቢንሰኑ ወረቀት ሁለት ገጽ ነው። አባታቸው የጻፈውን ያነባሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ልጆቹ ያነባሉ፤ ገዢው ግን የአባታቸውን ቃል አምኖ አይከፍልም። ለሀዘን ሊደርስ የመጣ ነጋዴ መሳቢያውን ከፍቶ «ያልታሸገ ነው፣ ማን ያውቃል» ብሎ በሩብ ዋጋ ጠራርጎ ሲወስድ አይቻለሁ። ስለዚህ ሁሉንም ይላኩ አልልም። ከሁሉ ውድ ናቸው የሚሏቸውን ሦስት ካርዶች መርጠው ይላኩ። ወረቀትዎንም ከታሸገው ካርድ ጋር ያኑሩት። ሮቢንሰኑ በቶፕ ሎደሩ ይቆይ።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ሦስት አልልክም። አንድ እልካለሁ፣ «ኦተንቲክ» ብቻ በሚለው፣ ቁጥር የሚባል ሳይነካው። እሱንም ልጆቼ ከተስማሙ ነው።