ለ«ትሑትና ታዛዥ አገልጋይዎ» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር «እጅግ ትሑትና ታዛዥ አገልጋይዎ»
የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ግርጌ

ጉዳዩ፦ አልተሰጠም ስለሚባል አገልግሎት

ክቡር ሆይ፣

የእንግሊዝኛ ደብዳቤ መዝጊያ ሐረግ ሆነው ለዘመናት ከፊርማ በላይ አጎንብሰው ኖረዋል፤ ወገብዎ እንዴት ነው? ለመሆኑ ማንን አገልግለው ያውቃሉ? ውኃ አልቀዱ፣ ፈረስ አልጫኑ። እኔ የማውቅዎ ጠብ ባለበት ሁሉ ከተፍ ሲሉ ነው።

በ1755 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን፣ መዝገበ ቃላቱን ሲያዘጋጅ ዞር ብሎ ላላየው፣ ሥራው ሊታተም ሲል ግን ማወደስ ለጀመረው ለሎርድ ቼስተርፊልድ ልክ ልኩን ጻፈለት። ከግርጌው ማን ተገኘ? እርስዎ! ተግሣጹ የጆንሰን፣ እጅ መንሣቱ የእርስዎ።

የአሜሪካኖቹ ደግሞ ባሰ። በ1804 ምክትል ፕሬዚዳንቱ አሮን በርና የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተን በደብዳቤ ተያያዙ። አንዱ «ስሜን አጥፍተሃልና አስተባብል» ይላል፤ ሌላው «የትኛውን ንግግሬን ነው? ለይተህ ጥቀስ» ይላል። መጨረሻ ላይ ግን ሁለቱም «ታዛዥ አገልጋይዎ የመሆን ክብር አለኝ» ብለው ይፈርማሉ። ያውም ፊደልዎን ጎራርደው፣ አሳጥረው! ታዛዥነቱን ሙሉውን ለመጻፍ እንኳ ትዕግሥት አልነበራቸውም። ጁላይ 11 ማለዳ እነዚህ ሁለት አገልጋዮች የሃድሰንን ወንዝ በጀልባ ተሻግረው ዊሃውከን በተባለ ቦታ ሽጉጥ ተማዘዙ። ሃሚልተን በማግሥቱ ሞተ።

የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችልም በዲሴምበር 1941 በጃፓን ላይ ጦርነት መታወጁን ለንደን ለነበረው የጃፓን ተወካይ ሲያስታውቅ እርስዎን ከግርጌ አልነፈገውም። አጻጻፉ ያልጣማቸው ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ግን ሰው መግደል ግድ ከሆነ ጨዋነት ምንም አያስወጣም ባይ ነው። ቢያንስ እሱ ሥራዎን በትክክል ያውቀው ነበር።

ልጆችዎም እርስዎን ነው የወጡት። እንግሊዞች «ውድ ጌታዬ» ብሎ ለጀመረ «ታማኝዎ»፣ በስም ለጠራ ደግሞ «ከልብ የእርስዎ» ብሎ መዝጋትን ደንብ አድርገውታል። ስሙን እንኳ ለማያውቁት ሰው ታማኝነት! ይህን ደንብ የትምህርት ቤት ልጅ ሳለን እንደ ጸሎት ሸምድደነዋል፤ ለማን ታማኝ እንደሆንን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ስለዚህ በክብር ጡረታ እንዲወጡልን እንጠይቃለን። የአገልግሎት ዘመንዎን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ግን ከየት እንደሚያመጡ እንጃ።

ከሰላምታ ጋር
(እሱም ዘመድዎ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዛሬ አልፈነዋል)

ግልባጭ፦
ለ«ታማኝዎ»
ለ«ከልብ የእርስዎ»
እንዲያውቁትና ዕቃቸውን መሸከፍ እንዲጀምሩ