ሊቀ ፊደሉ ጅማ ገቡ

እንኳን ደስ አለን። ሊቀ ፊደሉ ባለፈው ቅዳሜ ጅማ ገቡ።

ታውቋቸዋላችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስተው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲመጡ፣ ገና ጊቤን እንደተሻገሩ የመንገዱን ታፔላ ሁሉ ማረም የሚጀምሩት ናቸው። "ባንኪ ብለው ጻፉት እኮ! ሆቴላ ይላል!" የላቲን ፊደል ካዩ እንግሊዝኛ ነው። አፋን ኦሮሞ ነው ብትሏቸው አይበገሩም፤ "ቢሆንም ስፔሊንጉ ተሳስቷል" ይላሉ። ለሰው ቋንቋ እንዲህ የሚጨነቅ ከየት ይገኛል?

የቀናሁባቸው ግን ማታ ነው። ሆቴሉ ውስጥ ዜና ተከፍቷል። ስክሪኑ ላይ "ሲ"፣ "ኤ"፣ ሁለት "ኤፍ"፣ ሁለት "ኢ" ተጽፏል። ሊቃችን መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ፦ "ካፌ ኦሮሚያ።"

ካፌው ሰፊ ነው አሉ። እውነትም ሰፊ ነው፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ሞልቶበታል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዞሮ መቀመጡ ትንሽ ገረማቸው። ማኪያቶ የያዘ አንድም ሰው የለም፣ የታሸገ ውሃ ብቻ። ከዚያ ሰዎቹ እጃቸውን አወጡ። "አየህ፣ ሂሳብ እየጠሩ ነው" አሉኝ። ሁሉም በአንዴ! አወረዱ፣ እንደገና አወጡ። አስተናጋጅ የሚባል ዝር አላለም። "አገልግሎት እዚህ አገር ሞቷል" ብለው ከልባቸው አዘኑ። ድጋፍና ተቃውሞ ሲቆጠርማ "የሚከፍለውና የማይከፍለው እየተለየ ነው" አሉ። መጨረሻ ላይ ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። "ይኼኔ አንዱ ለሁሉም ከፍሎ ይሆናል።"

ቃሉ "ጨፌ" ተብሎ ነው የሚነበበው፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ነው። በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ "ሲ" ጨ ነው። ሊቃችን በአማርኛ ዜና "ጨፌ ኦሮሚያ" ሲባል ስንት ዓመት ሰምተዋል። ለምለም መስክ ጨፌ እንደሚባልም ያውቃሉ። ጆሯቸውና ዓይናቸው ግን ተዋውቀው አያውቁም።

(አልዋሽም፤ እኔም ጅማ የመጣሁ ሰሞን ጤፍ መሸጫው በር ላይ "ዛፊ" የሚል አነብ ነበር። ባለሱቁንም ጋሽ ዛፊ እያልኩ ሰላም እላቸው ነበር። ኤክስ "ጠ" መሆኑን የነገረችኝ የጎረቤት ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አምስት ደቂቃ ፈጀባት።)

"ደግሞ ፊደል ተርፏቸው ነው ሁለት ሁለት የሚደረድሩት?" ብለውም ጠይቀዋል። አናባቢው ሲደገም ይረዝማል፣ ተነባቢው ሲደገም ይጠብቃል። እሳቸው እንዲህ ያለ ብክነት አይወዱም። "ገና" ብለው ይጽፋሉ፤ በዓሉ ይሁን ገና ያልደረሰው ነገር አንባቢ ይጨነቅበት።

ፊደል አይወዱም እንዳትሉ። ዱባይ በዓረብኛ ታፔላ ሥር የተነሱትን ፎቶ ሳሎናቸው ሰቅለዋል። ከቻይናዋ ጓንግዡ ሲመለሱ የቻይናው "ሰው" የሚል ምልክት ሁለት ጭረት ብቻ መሆኑን ለዘመድ ሁሉ በእጃቸው አየር ላይ እየሣሉ አስረድተዋል። "ሁለት እግር! ጥበብ እኮ ነው!" ለጥበብ ባሕር መሻገር ያስፈልጋል። ጊቤ አይበቃም።

የጅማ ዑለማዎች በዓረብኛ ፊደል ሲጽፉ መኖራቸውን፣ ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በዚሁ በእሳቸው በግዕዝ ፊደል እንደነበር ልነግራቸው ከጀልኩ። ግን አስተናጋጇን ጠርተው ሜኑውን እያሳዩ ነበር። "እንግሊዝኛ ካልቻላችሁ ለምን ትጽፋላችሁ?"

ልጅቷ "ይቅርታ ጋሼ" አለች። ለምን ይቅርታ ትበል? በምን ጥፋቷ? ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ቤት ፊደል ነው። ስሟን መጀመሪያ የጻፈችው በእሱ ነው። ሒሳብ የተማረችው በእሱ ነው። ከዚያ ደግሞ የእኛን ፊደል ተምራ፣ በእኛ ቋንቋ ታዘዘችን። እኛ ሃያ ስድስት የምናውቃቸውን ፊደላት በሌላ ድምፅ ማንበብ አቅቶን እሷን እናሳፍራለን። ነውር ነው!

ይቅርታ፣ ስለ ሊቃችን ነበር የማወራው።

ከእራት በኋላ እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ። ቆዩ። ሄጄ ሳይ ከሁለት በሮች ፊት ቆመዋል። አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት ነው። ሥዕል የለም። ሁለቱም ቃላት በ"ዲ" ይጀምራሉ። ሊቃችን አገጫቸውን ይዘው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። "አንደኛው ዳዲ ለማለት ነው" አሉኝ፣ "የትኛው እንደሆነ እየለየሁ ነው።"

አስተናጋጇ በአጠገባቸው አለፈች። አልጠየቋትም። እኔም ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ልጠጣ ብዬ ተመለስኩ።