ሞተሩ ብቻውን አይመጣም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ አሮጌ ማስል ካር (ትልቅ ሞተር ያለው የድሮ የአሜሪካ መኪና) ላይ ዘመናዊ ሞተር መግጠም ሁሌም ያዋጣል ይላል። «ሁሌም» የምትለዋ አልተዋጠችልኝም። እ.ኤ.አ. በ1997 በኮርቬት (የሸቭሮሌት ስፖርት መኪና) የመጣው ኤልኤስ1 ሞተር አሪፍ ነው፣ አልክድም፤ ብሎኩ አሉሚኒየም ስለሆነ ከድሮው ብረት ይቀላል፣ በብርድም ያለ ጭቅጭቅ ይነሳል። ግን ሞተሩ ብቻውን አይመጣም እኮ! ኮምፒውተሩ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ግፊቱ ከፍ ያለ የነዳጅ ፓምፕ፣ አንዳንዴ ታንኩም ጭምር አብሮ ይቀየራል። የፎርዱ ኮዮቴ ሞተር ደግሞ አራት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች) ስላለው ጎኑ ሰፊ ነው፤ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ሙስታንግ ውስጥ ለማስገባት ብዙ ጊዜ ከሾኩ በላይ ያለውን የቦዲ ብረት መቁረጥ ይመጣል። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይሄ ሁሉ ድካም ለምኑ ነው? ካርቡራተር (በድሮ ሞተር ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን) በካቻቢቴ ማስተካከል የሚወድ ሰውም አለ (እኔ አንዱ ነኝ)። በየቀኑ የምትነዱት ከሆነ ግጠሙ፣ አልከራከርም። ከፋብሪካ የወጣበት ሞተር አሁንም ላዩ ላይ ካለ ግን እባካችሁ አትንኩት፤ ሰብሳቢዎች ትልቅ ዋጋ የሚሰጡት ለእሱ ነው።