«እሺ» የማይሉ አስተናጋጆች

ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ ከተማ ስገባ የጀመርኩት ሥራ ሳህን ማጠብ ነበር። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ውድ ምግብ ቤትን የሚያውቀው ከጓዳው በኩል ነው፤ ከእንግዳ ፊት የተመለሰውን ሳህን እያየ ምን እንደተወደደና ምን እንደተተወ ከባለቤቱ ቀድሞ ይረዳል። ዛሬ ኑሮዬ ተስተካክሎ አልፎ አልፎ በእንግድነት ወደ እንዲህ ያሉ ቤቶች ስገባ እንኳ፣ ዓይኔ የሚያርፈው ከምግቡ ይልቅ ምግቡን በሚያቀርበው ሰው ላይ ነው። ባለፈው ጥር ሐዋሳ ወርጄ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ውድ የጣሊያን ምግብ ቤት ከቤተሰቤ ጋር ራት ስበላም ይኸው ልማድ አልተወኝም።

በቅድሚያ ስለ ቦሎኛው ልናገር። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባዬ የሆነ የሌላ አገር ሰው በከተማዋ ከታወቁት ውድ ቤቶች በአንዱ ጋብዞኝ ነበር። ሰውየው የምግብ ዝርዝሩን ሳይገልጥ «ስፓጌቲ ቦሎኜዜ» ብሎ አዘዘ። ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋው አስተናጋጅ ፈገግ አለና «እርሱ እዚህ አገር የለም» ሲል መለሰለት። ዓለም በቦሎኛ ስም የሚጠራውን ስፓጌቲ ቦሎኛ ራሷ አታውቀውም፤ የሥጋ ስጎዋን የምትበላው ታሊያቴሌ ከሚባለው፣ በእንቁላል ከሚቦካ ጠፍጣፋ ፓስታ ጋር ነው። በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም፤ የበሰለ ታሊያቴሌ ስፋቱ 8 ሚሊሜትር መሆን እንዳለበት ወስነው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በወርቅ የተሠራ መለኪያ በከተማዋ የንግድ ምክር ቤት አስቀምጠዋል። አስተናጋጁ ይህንኑ በአጭሩ አስረድቶ ታሊያቴሌውን አመጣለት። እኔ ደግሞ የባሕር ዛጎል ያለበት ስፓጌቲ አዝዤ አይብ እንዲነሰነስልኝ ስጠይቅ፣ አይቡ የባሕሩን ጣዕም እንደሚያጠፋው ነገረኝና «መጀመሪያ ያለ አይብ ይቅመሱት፤ ከዚያ በኋላም ከፈለጉ አመጣለሁ» አለኝ። ቀመስኩት። አይቡንም ሳልጠይቅ ቀረሁ።

እንዲህ ያለው እምቢታ ሁልጊዜ ቅን ነው ለማለት አልደፍርም። ቆዳው ለጠቆረ እንግዳ የሚነገር «የለም» አንዳንዴ ሌላ ነገር እንዳዘለ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔም ባዶ ጠረጴዛ እያየሁ «ተይዟል» ተብዬ ተመልሻለሁ። የዚያን ምሽቱ ግን የሙያ እምቢታ ነበር። አስተናጋጁ ምግቡን ያውቀዋል፣ ማወቁን ደግሞ አይደብቅም፤ እንግዳው ቅር ቢለው እንኳ እንጀራው እንደማይቋረጥ ይተማመናል።

ወደ ሐዋሳው ልመለስ። ሐዋሳ የጣሊያን እጅ ያረፈባት ከተማ አይደለችም። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. አካባቢ፣ ጣሊያን ከአገር ተባሮ ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ያም ሆኖ እኛ የሐዋሳ ልጆች ፓስታ በስጎ፣ ፉርኖ፣ ላዛኛና ማኪያቶ ስንል ያደግን ነን፤ ስሞቹ ከየት እንደመጡ ያሰብኩት እንኳ ቦሎኛ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ አጎቴ የምግብ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ገልብጠው «ስጎ የሚባለው የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከማናችንም ይልቅ ለጣሊያንኛው የቀረቡት እርሳቸው ነበሩ። ዝርዝሩ መጽሐፍ ያህላል፤ ፒዛው ብቻ ሁለት ገጽ ይዟል። ከገንዘብ መቀበያው በላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ሥራ አስኪያጁ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቆሟል።

ያስተናገደችን ልጅ ሃያዎቹን ያጋመሰች አትመስልም። ትሕትናዋ የሚያስመሰግን ነው፤ ችግሩ ለምንጠይቃት ሁሉ መልሷ አንድ መሆኑ ነበር።

«ካርቦናራችሁ ክሬም አለው?» አልኳት።

«እሺ፣ ይኖረዋል።»

«ክሬም ባይገባበትስ?»

«እሺ፣ አይገባበትም።»

ካርቦናራ በሮማ ከእንቁላል፣ ከበግ ወተት አይብ፣ ከአሳማ ጉንጭ ሥጋና ከቁንዶ በርበሬ የሚሠራ ፓስታ ሲሆን ክሬም የሚባል ነገር አይነካውም። በአሳማው ፋንታ የበሬ ሥጋ ቢገባ እኔም ደስ ይለኛል፤ የአገራችን ማዕድ ነውና። የክሬሙ ነገር ግን እንደ እንግዳው ፍላጎት የሚመጣና የሚቀር መሆኑ፣ ጓዳ ውስጥ ያለውን ምግብ ልጅቷ ቀምሳው እንደማታውቅ ነገረኝ። የእህቴ ባል ሪዞቶ የሚባለውን የሩዝ ምግብ አዘዘ፤ «እሺ» አለች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመልሳ ሪዞቶ እንደሌለ በይቅርታ ነገረችው። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበረ ጾመኛዋ እህቴ የአትክልት ስፓጌቲ አዝዛ አይብም ቅቤም እንዳይነካው አደራ ብላ ነበር፤ አሁንም መልሱ «እሺ» ነው። ስፓጌቲው ሲመጣ አይብ እንደ በረዶ ወርዶበታል። እህቴ ሳህኑን ወደ ልጇ ገፋ አድርጋ «እሺ ብላኝ ነበር እኮ» ከማለት በቀር የተናገረችው የለም።

በአውሮፓ ሕብረት አገሮች የሚሠራ ምግብ ቤት፣ ሰውነታቸው የማይቀበላቸው ሰዎች የሚጠነቀቁባቸውን 14 ዓይነት ነገሮች፣ ወተትን፣ እንቁላልን፣ ስንዴንና ለውዝን ጨምሮ፣ በየትኛው ምግብ ውስጥ እንዳሉ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። የእኛ ግዴታ ከዚያ የቆየ ነው። ሳምንት በመጣ ቁጥር ረቡዕና ዓርብ አለ፤ የጾምና የፍስክ ድስት መለየትን ሕግ ሳያስገድደን ኖረንበታል። በዚያው ሳምንት ዓርብ መናኸሪያው አካባቢ ካለ አንድ ተራ ምግብ ቤት ምሳ ስበላ፣ አስተናጋጁ አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ «ማዘር፣ ይሄ የፍስክ ነው፣ እንዳይነኩት፤ ተጋቢኖ ደግሞ አልቋል፣ ሽሮ ፈሰስ ላምጣልዎት?» ሲላቸው ሰማሁት። ሴትዮዋም አልተቀየሙም፤ ሽሮ ፈሰሳቸውን በሉ። ከቦሎኛው ሽማግሌ አስተናጋጅ ጋር የሚመሳሰለው እንግዲህ ይህ ወጣት እንጂ የውዱ ቤት አስተናጋጅ አይደለችም። «አልቋል»፣ «ዛሬ አይሆንም»፣ «ይሄኛው ይሻልሃል» የሚሉ ቃላት ከባህላችን አልጠፉም፤ የጠፉት ነጭ ጨርቅ ከተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለው ተረታችን የተነገረው ለሽምግልናና ለትዕዛዝ እንጂ ለሪዞቶ አይመስለኝም።

ልጅቷን ወቅሼ እንዳልጨርስ ያደረገኝ የዓሣው ነገር ነው። አጎቴ ስኳር ስላለባቸው አይጾሙም፤ የተጠበሰ ቆሮሶ አዘዙ። ልጅቷ ጻፈች፣ «እሺ» አለች፣ ሄደች። ጥቂት ቆይታ ተመለሰችና ሹካ የምታስተካክል መስላ ወደ አጎቴ ጎንበስ አለች። ዓይኗ ሥራ አስኪያጁ ላይ ነበር።

«አባባ፣ ዓሣውን ባያዙት ይሻላል፤ የዛሬ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ የኔ ልጅ?»

«አሞራ ገደል ነው ያደግኩት። ዓይኑን ሳየው አውቀዋለሁ።»

አሞራ ገደልን የማያውቅ ካለ፣ ጀልባዎች ጠዋት ጠዋት ዓሣ የሚያራግፉበት፣ ልጆች ቆሮሶ የሚገፉበት፣ ትልልቅ አሞራዎችም ድርሻቸውን ተሰልፈው የሚጠብቁበት የሐይቁ ዳር ነው። እዚያ ያደገ ሰው ዓይኑ የደፈረሰና ስንጥቡ ቀለሙን የለቀቀ ዓሣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ቦሎኛ ውስጥ አስተናጋጅነትን አምስት ዓመት በመንግሥት የሆቴል ትምህርት ቤት ተምረው የሚወጡ ልጆች አሉ፤ ይህችኛዋ ከሐይቅ ዳር ይዛው የመጣችውን እውቀት ቤቱ እንደ ኮንትሮባንድ በሹክሹክታ አስገብታ እንድታሳልፈው አድርጓታል። ለምን ጮክ ብላ እንደማትናገር ስጠይቃት «እንደዚያ ማለት አይፈቀድልንም ጋሼ» አለችኝ።

ጣሊያንም በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም፤ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ግን በዘርፉ የኅብረት ስምምነት ስር ናቸው፣ በስምምነቱም መሠረት በዓመት 14 ደመወዝ ይቆጠርላቸዋል። የእኛዋ አስተናጋጅ፣ በግል ድርጅት ለሚቀጠር ሰው የደመወዝ ወለል ባልተደነገገበት አገር፣ አንድ «ንጉሥ» ቢያኮርፍባት ነገ ሥራ ላይ መገኘቷ የሚያጠራጥር ሠራተኛ ናት። የምንነግሠውም እኛው ነን። በዚያ ምሽት ከጎናችን የተቀመጡት ሰዎች አስተናጋጅ የሚጠሩት በጭብጨባ ነበር፤ ቦሎኛ ውስጥ ለአስተናጋጅ ያጨበጨበ ሰው እስኪመሽ ቢያጨበጭብ ዞሮ የሚያየው አያገኝም። ይህን ስል ከውጭ የሚመጣው ዘመዳችሁ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ስለ ካርቦናራ ክሬም በሰው ፊት ያፋጠጥኳት እኔ ነኝ።

ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተነሣ። ጣሊያን ውስጥ ጓደኛሞች ወጪያቸውን እኩል ተካፍለው ይከፍላሉ፤ ይህንንም «እንደ ሮማውያን መክፈል» ይሉታል። እኛ ዘንድ አጎቴ «ከእርሱ እንዳትቀበዪ» ሲሏት «እሺ» አለች፤ የእህቴ ባል «ከእርሳቸው እንዳትቀበዪ» ሲላትም «እሺ» አለች፤ ለሁለቱም ታዛ የቢሉን መያዣ እኔ ፊት አስቀመጠችው። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ፣ ዝርዝሩ ላይ 100 ብር የተባለው ነገር 126 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ከአገልግሎት ክፍያው ለእርሷ ይደርሳት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ጉርሻዋን አጣጥፌ በእጇ ሰጠኋት፤ ለአፍ የሚጎረሰውንም ለአስተናጋጅ የሚሰጠውንም በአንድ ቃል የሚጠራ ቋንቋ ስላለን በዚያች ደቂቃ ደስ አለኝ።

ልንነሣ ስንል ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣምሮ ቀረበን። «ምግቡስ፣ መስተንግዶውስ እንዴት ነበር? ያልተመቻችሁ ነገር ካለ በግልጽ ንገሩን፤ እንድንሻሻል እንፈልጋለን» አለ። አነጋገሩ ከልብ ይመስላል። ስለ ክሬሙ፣ ስለ ሪዞቶው፣ ስለ አይቡና ስለ ዓሣው ልነግረው አፌን ስከፍት ልጅቷን ከጀርባው አየኋት፤ ባዶ ሳህኖቻችንን እንደተሸከመች ቆማለች።

«ሁሉም ጥሩ ነበር» አልኩት።

እህቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።