ይግባኝ የማይባልበት ችሎት

ፍርድ ቤቶቻችን ቀጠሮ ያበዛሉ እየተባለ ዘወትር ይወቀሳል። ወቃሾቹ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ አይመስለኝም። ቢሳለሙ ኖሮ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን ካሰናበተ በኋላ፣ ጠበሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ፣ አንድ መዝገብ ተከፍቶ፣ ምስክር ተሰምቶበትና ተወስኖበት ሲዘጋ በዓይናቸው ያዩ ነበር። ይህ ችሎት በጀት አይጠይቅም። ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋ ሁሉ ዳኛ ነው። ተከሳሽ መቅረብ ስለማያስፈልጋት መጥሪያ እንኳ አይጻፍም።

ሥርዓቱም የተከበረ ነው። ችሎቱ የሚከፈተው «ሐሜት እንዳይሆንብኝ እንጂ» በሚል ቃል ሲሆን፣ ይህ ከተባለ በኋላ የሚወራው ሁሉ ከሐሜትነት ወጥቶ ማስረጃ ይሆናል። ቀጥሎ ከንፈር ይመጠጣል። «ስም አልጠራም» ይባልና ሰፈሯ፣ የእናቷ ሥራና የወንድሟ ታክሲ ይጠራል። ወንጌላውያን ወንድሞቻችን በዚህ እንኳ ይበልጡናል፤ እነርሱ ዘንድ ይኸው መዝገብ «የጸሎት ርዕስ» ተብሎ ስለሚከፈት ጉዳዩ የሚታየው ዓይን ተጨፍኖ ነው።

በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የምትመራ አንዲት ልጅ ሳታገባ አረገዘች እንበል። ንስሐ ገባች። የነፍስ አባቷ እንደ አቅሟ ጾምና ስግደት አዘው፣ ቀኖናዋን ስትጨርስ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት፤ ነገሩም በዚህ ያለቀ መሰላቸው። የዋህ ሰው ናቸው። የእርሳቸው ቀኖና ቁጥርና ማብቂያ አለው፤ የእኛ ግን የጊዜ ገደብ በሚባል ነገር አይታሰርም። የመዝሙር ልብሷን በትሕትና ተቀበልናት። ስታልፍ ዝም ማለትን፣ ካለፈች በኋላ መናገርን ተማማርን። ልጇ በተወለደ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ድግሱን አልቀረንባትም፤ እየጎረስን ወራቱን በጣታችን ቆጠርን። ሰርግ ነበረ ወይ ብለን መጠየቃችንም ለልጁ ከማሰብ ነው። የልጁ አባት? እርሱ አሁንም በዚያው መዘምራን ውስጥ ከበሮ ይመታል። እጁ ደግሞ ጥሩ ነው፤ እርሱን የመሰለ ከበሮ መቺ ከየት ይገኛል?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የተጻፉት ከሳሾች ከእኛ ጋር ሲነጻጸሩ ወኔ የጎደላቸው ነበሩ። «ከእናንተ ኃጢአት የሌለበት አስቀድሞ ይውገራት» ሲባሉ ከሽማግሌዎች ጀምረው አንድ በአንድ ወጡ። የእኛ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢቀርብላቸው «እስቲ ድንጋዩን አቀብሉኝ፤ ወገቤን ያመኛል» ይሉ ነበር እንጂ እንዲያ አያሳፍሩንም።

ታዲያ ምሕረት አናውቅም እንዳይባል። እንዲያውም በምሕረት የሚስተካከለን የለም። በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ 78 ሰው የበላው በላዔ ሰብ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ እንደ ዳነ ሲተረክ እንባችን ይፈስሳል። እልል እንላለን። 78 ነፍስ! አንድም ሰው ተነሥቶ «ለመሆኑ ከልቡ ተጸጽቷል?» ወይም «ለሌላው መጥፎ ምሳሌ አይሆንም ወይ?» ብሎ አያውቅም። ከዚያ እንባችንን በነጠላችን ጠርገን ስንወጣ ያቺን ልጅ በር ላይ እናገኛታለን፤ መንገድም እንቀይራለን። በስቅለት ዕለትም ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ ውለን፣ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ቸብ ቸብ እያደረጉ ሲያሰናብቱን ቅር አይለንም። ለራሳችን ሲሆን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስንል ጉሮሯችን እስኪዘጋ ነው።

በሕይወት ላሉትም ቢሆን ፈጽሞ አንጨክንም። በርበሬ ላይ ሸክላ ፈጭቶ የሚቀላቅል አንድ ነጋዴ ተይዞ ታስሮ ተፈታ እንበል። በተፈታ ሳምንት ለቤተ መቅደሱ ምንጣፍ፣ ለታቦቱ ጃንጥላ አስገባ። የሕንፃ አሠሪው ኮሚቴ ወዲያው ተሰብስቦ በእግዚአብሔር ቸርነት ላይ ሰፊ ውይይት አደረገ። «ዘኬዎስስ ቀራጭ አልነበረም ወይ?» አሉ ሰብሳቢው። አዎ፣ ነበረ። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለቱን ግን ማንም አላነሣም፤ ሸክላ የበላውን ሆድ ሁሉ ፈልጎ መካስ ለማንም ሰው ይከብዳል። ስሙ በድምጽ ማጉያ ተጠርቶ ተጨበጨበለት፣ የምስጋና ወረቀትም ተሰጠው። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ምንጣፉ በእውነት ወፍራም ነው።

የችሎታችን ሥልጣን በአገር ወሰን እንደማይገታም መመስከር ይገባኛል። አዲስ አበባ ላይ የተፈረደባት ልጅ ዋሽንግተን ሄዳ አዲስ ሕይወት እጀምራለሁ ብትል፣ መዝገቡ በስልክ ቀድሟት ገብቶ፣ እዚያ ያለው ደብር ደጃፍ ላይ ይጠብቃታል። የትኛው የፍትሕ ተቋም ነው እንዲህ የተቀናጀ አሠራር ያለው?

ወደፊት ለመሳሳት ያሰበ ሰው ካለ ምክሬን ይስማ። ቢቻለው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ይሳሳት፤ ያኔ በዓል እናከብርለታለን። ለዚህ ከዘገየ ምንጣፉን አስቀድሞ ያስገባ፤ ደረሰኙንም አይጣል። ሁለቱም ካልሆነለት ወንድ ሆኖ ይወለድና ከበሮ ይማር።